ትንፋሽ ብቻውን ጎል አያገባም

የክለቦቻችን የዝግጅት ወቅት ሲመጣ የማይቀር ነገር አለ፤ ማለዳ በሰልፍ ሆኖ ረጅም ሩጫ! የኃይሌና የቀነኒሳ አገር ስለሆንን ይመስለኛል፣ እኛ ዘንድ «አቅም» ማለት ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ተከላካዩን በሁለት እርምጃ የሚያመልጥ አጥቂ ስንፈልግ ግን እናጣለን።

ሩጫው አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ዝግ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚሮጥ ሰው ልቡ ይሰፋል፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል። በጡንቻው ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበራከታሉ። ቶሎ አይደክምም። ፈጣን ግን አይሆንም።

ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ የሚል፣ የሚዘል፣ 20 ሜትር ባለ በሌለ ኃይሉ የሚፈተለክ ልጅ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚለወጠው ጡንቻው ሳይሆን የነርቭ ትእዛዙ ነው፤ አንጎል ብዙ የጡንቻ ክሮችን በአንዴ መቀስቀስ ይማራል። መስታወት ፊት ቆሞ ምንም ለውጥ ሳያይ ጉልበቱ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ፈጣኖቹ ክሮች የሚወፍሩት ቆይተው ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ብንጭንበትስ? አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው የ10 ሳምንት ጥናት፣ ሁለቱን አዳብለው የሠሩት ሰዎች ጉልበታቸው መጀመሪያ ጨመረ፣ ከዚያ ቆመ፣ በመጨረሻም ወረደ። በኋላ የወጡ ጥናቶች ነገሩን አለዝበውታል፤ ልምምዶቹ በሰዓታት ከተራራቁ ጉዳቱ ይቀንሳል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ድንገተኛው ጉልበት ነው። ለኳስ ተጫዋች ዋናው ደግሞ እሱ!

«ኃይሌስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ሞሪስ ግሪን እንኳ ሁለተኛውን የቀደመው በ0.12 ነበር። ትንፋሽ ኃይሌን እስከ መጨረሻው ዙር አደረሰው፤ ወርቁን ያመጣው ፍጥነቱ ነው።

እናም አሠልጣኞቻችን፣ የፍጥነቱንና የዝላዩን ልምምድ እግር ሳይዝል ማለዳ አስቀድሙት፤ ሩጫውን አሳጥራችሁ ለከሰዓት አቆዩት። ጂም የለንም አትበሉን። ዳገት ሞልቶናል! 15 ሜትር ሽቅብ ተፈትልኮ፣ በደንብ አርፎ መድገም ሳንቲም አያስወጣም። ችግሩ ማረፉ ላይ ነው፤ እኛ አገር ተጫዋች ቆሞ ሲያርፍ ያየ አሠልጣኝ ደሙ ይፈላል።