የኢሉባቦር ቡና በስሙ ይጠራ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የንግድ ሕጋችን የአንድ ንግድ ዋና ሀብት መልካም ዝናው መሆኑን ደንግጎ ነበር። የዝናው ዋጋ ነጋዴው ከደንበኞቹ ጋር ባለው ግንኙነት ልክ ከፍ ዝቅ እንደሚልም አስቀምጦ ነበር። ሕጉ የተናገረው ስለ ንግድ መደብር ቢሆንም ሐሳቡ የአንድ አካባቢ ምርትንም ይገዛል፤ ገዢ ተመልሶ የሚመጣው ያረካውን ዕቃ ስም ካወቀ ብቻ ነውና። የኢሉባቦሯ መቱና የአካባቢዋ ገበሬ የጎደለው ይኸው ነው። ቡናው ለዘመናት ሲሸጥ ኖሯል፤ ዝናው ግን አልተጠራቀመለትም።

አካባቢው ለንግዱ አዲስ ስላልሆነ ነው ጉዳዩ የሚያስቆጨው። ከ1894 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ በጋምቤላ የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ሲጓዝ፣ የንግዱ መናኸሪያ የኢሉባቦሯ ጎሬ ነበረች። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በመገኛው ሲመድብ ግን የአካባቢው ወረዳዎች የያዩ፣ የአሌ፣ የኖጳና የጮራ ቡና «ጅማ» በሚለው ምድብ ሥር ገባ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበ፤ በደኑ ውስጥ የአረቢካ ቡና ዘር ዛሬም በራሱ ይበቅላል። ሳይንስ የሚያውቀውን ስም ገበያው በሌላ ስም ሸፈነው ማለት ነው።

ስም ገንዘብ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1985 ዓ.ም. የተቋቋመውን የበደሌ ቢራ ፋብሪካ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን የሸጠው በ85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ገዢው በዓለም የታወቀ የራሱ ስም እያለው «በደሌ» የሚለውን ከጠርሙሱ ላይ አላነሳም፤ ጠጪው የሚያዘው በዚያ ስም ነበርና። በቡናም ቢሆን መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ነበር። ክርክሩ ግን ሰኔ 1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በተደረሰ ስምምነት ተቋጨ፤ ኩባንያው ለስሞቹ ዕውቅና ሰጠ። ዋጋ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ።

ስም ጥራትን አይተካም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ልክ ናቸው። አረንጓዴና ቀይ ፍሬ ተደባልቆ የተለቀመ፣ መሬት ላይ የተሰጣ ጀንፈል ምንም ስም ቢለጠፍበት አይከበርም። ነገር ግን ቀይ እሸት ለይቶ ለቅሞ በአልጋ ላይ ያደረቀ ገበሬ ቡናው ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ስም የሚሸጥ ከሆነ ድካሙን ማን ይከፍለዋል? ስሙ ከታወቀ ጥራቱም የሚጠበቅበት ምክንያት ይኖራል። ሌሎች ደግሞ በየወረዳው ስም ማብዛት ገዢን ግራ ያጋባል፣ አካባቢን ከአካባቢም ያፎካክራል ይላሉ። ይርጋጨፌ ከሲዳሞ ተለይቶ በመታወቁ የተጎዳ ወገን ግን አላየንም፤ እንዲያውም የኢትዮጵያ ቡና ሲነሳ የሚጠቀሱት እነዚሁ ስሞች ናቸው። ለጅማም ቢሆን የራሱን ቡና ብቻ ይዞ መታወቁ ይበጀዋል።

ከሁሉ የከበደው ሥጋት ግን «ኢሉባቦር» የሚለው ስም ሲታወቅ ጥቅሙ ለአቅራቢውና ለላኪው ብቻ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ የስሙ ባለመብትነት በግለሰብ እጅ መውደቅ የለበትም። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ስሙን በሕዝብ ስም ይመዝግብ፤ የቡናና ሻይ ባለሥልጣን በስሙ ለመሸጥ የሚያበቃውን ጥራት ይወስን፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቡናው ከየትኛው ቀበሌ እንደተነሣ መዝግበው ይያዙ፤ መቱ ዩኒቨርሲቲም በቅምሻና በጥናት ያግዝ። ከዚያ በኋላ በስሙ የሚገኘው ጭማሪ ለአምራቹ መከፈሉን ማኅበራቱ በግልጽ ሒሳብ ለአባሎቻቸው ያሳዩ። የያዩን ደን እስከ ዛሬ ያቆየው ገበሬ ከዛፉ ሥር የሚለቅመው ቡና ነው፤ ቡናው ካልከፈለው ደኑን መንጥሮ ሌላ ነገር ቢዘራበት ሊፈረድበት አይገባም። ስሙን ማስመዝገብ ደኑንም ማስጠበቅ ነው፤ ሥራው መጀመር ያለበትም በመጪው የለቀማ ወቅት ነው።