አራት ተዋጊ ይዞ መውጣት

በዚህ ዓመት አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ወረቀት ላይ ተደፍተው ሲከራከሩ አየናቸው። ጥናት መስሎን ደስ አለን። ጠጋ ስንል የጌም ቡድን እያዋቀሩ ነበርና ወረቀቱን ቀማናቸው፤ በመቀማት መቼም አንታማም። ቢሮ ገብተን ስናነበው ግን እኛ ለሳይንስ ፕሮጀክት ካወጣነው ድልድል ይልቅ የታሰበበት ሆኖ አገኘነው።

ነገሩን ለማያውቁ ወላጆች ጥቂት እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን የወጣው ፋይናል ፋንታሲ ተጫዋቹን ገና ከጅምሩ አራት ሰው ምረጥ ይለዋል። ምርጫው ከስድስት ሙያ ነው፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ ቡጢኛ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ አስማተኛ። አራቱንም ተዋጊ ማድረግ ይፈቀዳል። ፈዋሽ ስለሌለ ግን ያገኙት ገንዘብ መድኃኒት መግዣ ይሆናል።

በ2023 የወጣው ባልዱርስ ጌት 3 ደግሞ አንድን ሰው ለመሥራት 27 ነጥብ ይሰጣል። (በአብዛኛው አውሮፓ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተመደበ ነው፤ እኛም ከዚያ በታች ላሉ አንፈቅድም።) ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ ሁሉም ከ8 ይነሳሉ። አንዱን 15 ማድረስ 9 ነጥብ ይበላል። ሦስቱን 15 ያደረሰ ሦስቱ 8 ላይ ይቀሩበታል፤ ኋላ የሚጨመረው ትንሽ ነው። በዚህ ሒሳብ ሁሉን የሚችል ሰው አይወጣም።

ልጆቹ ከየሙያው ጎን የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም ጽፈዋል። በዓመቱ አጋማሽ ከጎንደር የመጣች፣ በእንግሊዝኛ አፏን ገና ያልፈታች አንዲት ልጅ አለች። ሁለት ቡድን ፈዋሽ ትሁነን ብሎ ተሻምቶባታል፤ ሲጣሉ የምታስታርቀው እርሷ ነቻ! እኛ ድልድሉን በውጤት ደረጃ ስናወጣ ከተረፉት ጋር የመደብናት እርሷኑ ነው። የአንደኞቹ ቡድን አራት ተዋጊ ነበር። ሪፖርታቸውን ሳይስማሙ፣ ለየብቻ ጽፈው አመጡ።

በዚሁ ጌም 100 ወርቅ የከፈለ ሰው ሙያውን ይቀይራል። እኛ ግን ሁለተኛ ክፍል ላይ “ሒሳብ አይሆንላትም” ብለን የጻፍነውን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተሸክማው እንድትሄድ እናደርጋለን።

ወረቀቱን ለባለቤቶቹ መልሰናል። የመጪውን ዓመት ድልድል ከመካከላቸው ሁለቱን ይዘን እናወጣለን። “ልጄ ለምን ከደካማ ጋር ተመደበ” የሚል ወላጅ ዝርዝሩ ሳይለጠፍ ቢሮ ብቅ ይበል፤ ደካማ ያለውን ልጅ ሙያ ከወረቀቱ ላይ እናሳየዋለን።