መጀመሪያ ገመዱን ማየት ነበረብኝ

ባለፈው ወር ልጄን ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እዚህ የማነሳው ግን እንደ እኔ ያለ ወላጅ በየቤቱ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ልጄ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። በላፕቶፕ ትንሽ ስክሪን ላይ አጎንብሳ ስትሠራ እያየሁ አንጀቴን በላችው፤ ዕቁብ ሲደርሰኝ 4ኬ የሚባለውን ትልቅ ሞኒተር ገዛሁላት። "ለገመድ ደግሞ ምን ያስወጣኛል?" ብዬ ከድሮው ዲኮደራችን የተረፈውን ኤችዲኤምአይ ገመድ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። ልክክ ብሎ ገባ፤ ምስሉም መጣ።

ሳምንት ሳይሞላ "አባዬ፣ ስክሪኑ እየጠፋ ይመጣል" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ "መጥፋቱን ትቷል፤ ግን ማውዙ ይጎተታል፣ ዓይኔንም ያመኛል" አለች። ከዚያ ወደ ትንሿ ላፕቶፕ ተመለሰች። ፕሮጀክቷን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ቀርቷታልና ደሜ ፈላ። "ሥራ የጠላ ሰበብ አያጣም! ስንት ብር አውጥቼ!" ብዬ ጮኽኩባት። ምንም ሳትመልስ ክፍሏ ገባች። እናቷ ገላመጠችኝ።

ቅዳሜ ኮምፒውተር የሚጠግነው የእህቴ ልጅ ለቡና መጣ። ሞኒተሩን ከመንካቱ በፊት ገመዱን ነቅሎ አገላብጦ አየው። "ጋሼ፣ ይሄ የዲኮደሩ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

ገመድን እንደ ውሃ ቧንቧ አድርጌ እንዳየው ነገረኝ። ፉል ኤችዲ የሚባለው ቴሌቪዥን ምስል 2 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ 4ኬ ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ይህ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ እየታደሰ በገመዱ ውስጥ ያልፋል። የእኛ ገመድ ለዚህ ጠባብ ነበር። ልጄ ስክሪኑ እንዳይጠፋባት ብላ እድሳቱን ወደ 30 አውርዳዋለች፤ ማውዙ የተጎተተው ለዚህ ነው። የገመዶቹ ጫፍ አንድ ዓይነት በመሆኑ እኔ ሁሉንም እኩል አድርጌ ነበር የማየው።

አብረን ሱቅ ሄድን። ሻጩ ጫፉ በወርቅ የተለበጠ ውድ ገመድ አወጣ፤ "ምስሉን ያጠራዋል" አለን። የእህቴ ልጅ ሳቀ። ወርቁ ጫፉን ከዝገት ይጠብቃል እንጂ ምስል አያሳምርም። ዲጂታል ምስል በደንብ ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ነጥብ ነጥብ ይላል ወይም ይጠፋል።

መታየት ያለበት ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደረጃ ነው። ለፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ቤት ያለው ገመድ ይበቃል፤ አዲስ አይግዙ። ለ4ኬ በ60 እድሳት "ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ" የሚለውን ይጠይቁ፤ በሰከንድ 18 ጊጋቢት ያሳልፋል። 48 ጊጋቢት የሚያሳልፈው "አልትራ ሃይ ስፒድ" ለ8ኬ ወይም በ120 እድሳት ለሚጫወቱ ጌመኞች ነው። የሁለቱም ትክክለኛ ማሸጊያ በስልክ የሚነበብ የማረጋገጫ ምልክት አለው። ርዝመቱም ከሚያስፈልግዎት አይብለጥ፤ ገመድ በረዘመ ቁጥር ሲግናሉ ይደክማል። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ላፕቶፑ ራሱ 4ኬን በ60 ማውጣት መቻሉን ያስጠይቁ፤ ካልቻለ የትኛውም ገመድ አያድነውም።

እኛ የሁለት ሜትር ፕሪሚየም ገዛን። ዋጋው ከወርቃሙ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ስንሰካው ማውዙ እጇን ተከትሎ ሄደ።

ማታ በሯን አንኳኩቼ "ሰበብ መስሎኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"እኔም እኮ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ መነጽር ላሠራ ነበር" አለችኝ።

ከቁጣዬ ይልቅ ይህ ቆጨኝ። ጥፋቱን እኔ በእሷ ስፍና ላይ፣ እሷ በገዛ ዓይኗ ላይ ስናሳብብ፣ ጠያቂ ያጣው ገመዱ ነበር። ልጅዎ ዓይኔን አመመኝ ካለዎት ገመዱን ይዩ፤ ገመዱ ተቀይሮም ሕመሙ ካልተወው ግን ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱት። ከሁሉ በፊት ግን እመኑት።

ፕሮጀክቷን በቀኑ አስረክባለች። የድሮው ገመድ ወደ መሳቢያው ተመልሷል፤ "ለዲኮደር ብቻ" የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ።