ልጅዎን በ«ቆመህ ጠብቀኝ» ያስጀምሩት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ቤት ነበርኩ። የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚያልፍ ለሚያውቅ አይነገረውም፤ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለን በርጫችንን ይዘናል። ጨዋታው ከኳስ ወደ ኑሮ ውድነት፣ ከኑሮ ውድነት ወደ ልጅ አስተዳደግ ሲዞር ጓደኛዬ ድንገት ቀና አለና «እኔ ልጄን ዘንድሮ ተኩስ ላስተምረው ነው» አለን። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ገጠር ካሉት ዘመዶቹ አንዱ ክላሽ አለው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞት ሄዶ፣ ዱር ወጣ ብለው፣ ከርከሮም ይሁን ዥግራ ያገኙትን ሊያስመታው አስቧል። «ወንድ ልጅ አይደለም እንዴ! ክላሽ ያልያዘ ወንድ…» ብሎ የቀረውን በእጁ ጨረሰው። ቤቱ በሙሉ «አቦ ይመችህ!» አለ። እኔ ብቻ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ምርቃና ይዞኝ እንዳይመስላችሁ፤ የምለው በዝቶብኝ ነው። ያን ቀን ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገረው።

በመጀመሪያ «ከርከሮም ይሁን ዥግራ» የሚባል ነገር የለም። የዱር እንስሳት አዋጅ አለ፤ አደን በፈቃድ ነው። መሣሪያ መያዝም እንደዚያው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያላነበበ ያንብበው። ይህን ብዬ አልፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ጓደኛዬ ሕጉን አሟልቶ፣ ልጁንም አድጎ ዕድሜው እስኪፈቅድ ጠብቆ ቢሄድ እንኳን ጠቤ አያልቅም። የእኔ ጠብ ልጅ ለምን ተኩስ ይማራል የሚል አይደለም። ከብቱን ከጅብ፣ ማሽላውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ቤተሰብ ልጁን ማስተማሩ አይቀርም። ጠቤ በምን ይጀምራል የሚለው ላይ ነው።

አያቶቻችን በዚህ ይበልጡናል። የጥንቱ ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነበር። ባሩዱን ሰፍረህ ታፈሳለህ፣ ጨርቅ ትወትፋለህ፣ እርሳሱን ትጨምራለህ፣ በዘንግ እየጠቀጠቅህ ታወርዳለህ፣ ከዚያ መለኮሻዋን አስቀምጠህ ታነጣጥራለህ። እጁ የፈጠነ ወታደር በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ሕዝባችን እንዲህ ላለው ዘገምተኛ መሣሪያ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል ስም ማውጣቱ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ አንጀት የቆረጠው ሰው ያወጣው ስም ነው። የአጼ ቴዎድሮስ ወታደሮች በ1868 (እ.ኤ.አ.) አሮጌ ሜዳ ላይ ከኋላ የሚጎርስ ሰናድር የያዘውን የእንግሊዝ ጦር በእንዲህ ያለ ጠመንጃ ገጥመው ያለቁትን አልቀዋል። ከዚያ ወዲህ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ገጣሚው ራምቦ፣ ሐረር በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው ያ ፈረንሳዊ፣ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ እንጦጦ ምኒልክ ዘንድ ሲያደርስ፣ ዕቃው አውሮፓ የጣለችው የዚሁ የአሮጌው ዘመን መሣሪያ ነበር። ምኒልክም ዋጋውን ቀጥቅጠው ገዙት። የሚያዋጣ ነጋዴ አልነበረም ራምቦ፤ ግጥሙን ባይተው ይሻለው ነበር።

ለጦርነት የማይረባው ይህ መሣሪያ ለአስተማሪነት ግን የሚተካው አልተገኘም። ለምን ቢሉ፣ መስፈሪያው በእጅህ ነው። ለጎልማሳ ሙሉ፣ ለልጅ ግማሽ ባሩድ ትሰፍራለህ። ሾጣጣውን ትተህ ክቡን እርሳስ ታጎርሰዋለህ፤ ክቡ ይቀላል፣ ጠመንጃውም አይራገጥም። (አሮጌ ጠመንጃ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ካለ እግረ መንገዴን ላስጠንቅቅ፦ የዘመኑን የጥይት ባሩድ እዚያ ውስጥ የሚያፈስ ሰው ብረቱ ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ደግሞም «ባዶ ነው» ብላችሁ ለልጅ አታስነኩት፤ ሃምሳ ዓመት ጎርሶ የተሰቀለ ሊሆን ይችላል።) ዋናው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ መተኮሱ ነው። ልጁ ከሳተ፣ ጭሱ እስኪበተን፣ እንደገና እስኪያጎርስ ድረስ መሳቱን እያሰበ ይቆያል። አሳዳጊው ተቆጥቶት፣ መክሮት፣ ቁጣው በርዶ ይደርሳል። በዚያ ላይ ጥይት ውድ ነበረች። ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ የተመነዘረችበት ዘመን አለ። ኪስህ ያለውን ብር ወደ ሰማይ ትወረውራለህ? እነሱም አይተኩሱም ነበር።

ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ የሚለኝን አውቃለሁ። «ክላሽ እኮ አይራገጥም!» ይለኛል። እውነቱን ነው። የክላሽ እርሳስ 8 ግራም ገደማ ናት፤ ትከሻ አታወልቅም። የክላሽ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ካርታው 30 ጥይት ይይዛል፤ መሣሪያው በደቂቃ 600 ይተፋል። የመጀመሪያዋን የሳተ ልጅ ለምን እንደሳተ አይጠይቅም፤ ሁለተኛዋ ተከትላለች፣ ሦስተኛዋም። ሃያውን ስቶ በሃያ አንደኛዋ ሲመታ «መታሁ!» ይላል፣ አባት ያጨበጭባል። ያቺን ሃያ ማን ይቁጠራት? የት ወደቀች?

እኔ የምጠይቀው ስለማውቀው ነው።

በ1966 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ አጎቴ (ነፍሳቸውን ይማር) ምንሽር ነበራቸው። ምንሽር የሚያውቅ ያውቃታል፤ ስሟ ከኦስትሪያው ማንሊከር የመጣ፣ እርሳሷ ብቻ ወደ 16 ግራም የምትመዝን፣ ጎልማሳውን የምታንገዳግድ። በባቡር እስከ ኤረር ሄድን፤ ከዚያ በእግር። አትክልት የሚያጠፋ ከርከሮ አለ ተብሎ ነው። አጎቴ ቁጥቋጦውን አሳዩኝና «ና ወንዱ!» አሉኝ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ላሳርፍ ብል እጄ ቃታው ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ሰደፉን ክንዴ ላይ አደረግሁት። ተኮስኩ። አፌ ውስጥ ደም ደም አለኝ፤ የገዛ አውራ ጣቴ ከንፈሬን ፈንክቶታል። ክንዴ ለሁለት ሳምንት እንደ እንጆሪ ጠቁሮ ሰነበተ። አጎቴ ሳቁ። «እንዲህ ነው ወንድነት የሚጀመረው፤ ድገም!»

ደገምኩ። የሁለተኛዋን ጥይት ነገር እስከ ዛሬ ለእናቴም ለሚስቴም አልተናገርኩም። ቃታውን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን ጨፈንኩ። ምቱን ፈርቼ ነው፤ ሰውነቴ እኔን ሳያማክር ጨፈነ። የተኮስኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ወዴት እንደተኮስኩ አላየሁም፤ ከቁጥቋጦው ማዶ ግን የሴት ልጅ ጩኸት ተሰማ። አጎቴ ሮጡ፤ እኔ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አንዲት ፍየል ጠባቂ፣ እኔን የምታክል ልጅ፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። አልተነካችም። ፍየሎቿም ደህና ናቸው። ጥይቷ የት እንደገባች ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲህ፣ አባት «ልጄን አስተኮስኩት» ብሎ ሲፎክር ስሰማ ለልጁ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ለልጁ ቢሆን ኖሮ ከቁመቱ ጋር የሚስተካከል፣ ጉንጩን አሳርፎ የሚያነጣጥርበት ሰደፍ ይፈልግለት ነበር። የሚያነሳው ክብደት፣ የሚችለው ምት፣ አንድ ጥይት ብቻ። ፈቃዱ ያለው ሰው ዘንድ «ሃያ ሁለት» የምትባለዋ አነስተኛ ጠመንጃ ካለች እሷ ትበቃለች፤ እርሳሷ ከሦስት ግራም አታልፍም። እሷም ካልተገኘች በበዓል ሰሞን ክብሪትና ከረሜላ ደርድረው በአየር ጠመንጃ የሚያስተኩሱ ልጆች ዘንድ ይውሰደው። ግን ይህን ሲያደርግ ፎቶ አያምርም! በከረሜላ ፊት የቆመ ልጅ ፎቶ ለዘመድ አይላክም። ክላሽ ታጥቆ ቢነሳ ግን ስልኩ ከድሬ እስከ ዋሽንግተን ሲንጫጫ ያድራል። ልጅን ለራስ ክብር ማስታጠቅ ይሄ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የድሮ ጋሻ ጃግሬ ልጅ የጌታውን ጠመንጃ ለዓመታት ተሸክሞ፣ ወልውሎ፣ ከዝናብ ከልሎ ነበር ቃታውን የሚነካው። ጌታው ክፉ ሊሆን ይችላል፣ ኑሮው የባርነት ያህል ሊሆን ይችላል፤ እሱን አላሞግስም። ሆኖም ክብደቱን ከምቱ በፊት አውቆታል።

ይህንን ሁሉ ማክሰኞ ለጓደኛዬ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ልጁ በር ላይ ተቀምጦ የብስክሌት ጎማ እየለጠፈ ይሰማናል። ጓደኛዬ «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ፤ ዋናው ማንም አልሞተም» አለኝና ቡና እንዲፈላ አዘዘ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርን።

ስወጣ ልጁ እስከ መንገድ ሸኘኝ። ባጃጅ እስኪመጣ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ልጅቷስ ምን አለች?» አለኝ።

«ስድቧን አወረደችብን።»

«በምን?»

«በሶማልኛ ጀምራ በኦሮምኛ ጨረሰችው» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠና «ቤቷ ስትገባ ለእናቷ ነግራት ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ባጃጁ መጣ።