ሚዛኑ ይፈተሻል፤ ኮምፒዩተሩስ?

በቡና ንግድ ያልተፈተሸ ሚዛን የያዘ ነጋዴን የሚያምን የለም። ቡናውም ቢሆን በቀማሽ አፍ ሳያልፍ ደረጃ አያገኝም። የከፋን ቡና ወደ ገንዘብ የሚለውጠው ኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለ ፈተና ሲያልፍ ነጋዴው አይቶ አያውቅም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጭና ገዥ መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ነበር የሚገበያዩት። እ.ኤ.አ. በ2015 ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ መዛወር ጀመረ። ለምርት ገበያው ቦንጋ ላይ የሚረከበው ቡና በመጋዘን ደረሰኝ ይሸጣል፤ ሂሳቡም በባንክ በኩል ይወራረዳል። በቀጥታ ለላኪ የሚሸጠው ቡና ክፍያም ቢሆን የሚያልፈው በዚያው በባንክ ኮምፒዩተር ነው። መሥመሩ በለቀማ ወቅት ቢቋረጥ ሰብሳቢው ገንዘብ አጥሮት ይቆማል፤ እሸት ቡና ደግሞ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል።

አደጋው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር፤ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገደደ። ብሔራዊ ባንክ እንዳስታወቀው ችግሩ የተከሰተው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት ነው። በአሜሪካም ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ደላላ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ ፕሮግራም ከስምንት ሰርቨሮቹ በአንዱ ላይ ሳይጫን በመቅረቱ፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከስሯል። ሁለቱንም ከውጭ የመጣ ጠላት አልጎዳቸውም፤ በራሳቸው እጅ የተነካ ፕሮግራም እንጂ።

«ሥርዓቱ በአማካይ በሁለት ሰከንድ ምላሽ ይሰጣል» የሚል ሪፖርት ነጋዴውን ሊያረካው አይገባም። ከመቶ ትዕዛዝ 99ኙ በአንድ ሰከንድ፣ አንዱ ግን በሁለት ደቂቃ ቢጠናቀቅ አማካዩ ሁለት ሰከንድ ግድም ይሆናል። ያ አንዱ ዋጋው ያመለጠው የቦንጋ አቅራቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መለካት ያለበት አማካዩ ብቻ ሳይሆን የዘገየውም ነው፤ የሚለካውም አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ሳይሆን ቦንጋ ላይ፣ በቦንጋ ኔትወርክ ነው።

ገበያው በቀዘቀዘበት ክረምት ያለችግር የሠራ ፕሮግራም የኅዳርን ግርግር ይችላል ማለት አይደለም። ከለቀማው በፊት የወቅቱን እጥፍ የሚሆን የሙከራ ትዕዛዝ ሊጫንበት ይገባል። ሙከራው በሂደት ላይ እያለም መብራቱና መሥመሩ ሆን ተብሎ ይቋረጥ፤ ሲመለስ አንዱ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል ወይስ ጭራሹን ይጠፋል? መጠባበቂያው መረጃስ በስንት ደቂቃ ይመለሳል? በእርግጥ ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ የባለሙያ ሌሊትም ይጠይቃል። ነገር ግን ሥራ በቆመበት በአንድ የገበያ ቀን ስንት መኪና ቡና እንደሚጉላላ ነጋዴ ያውቀዋል።

ባንኮችም ሆኑ ምርት ገበያው በየዓመቱ መስከረም ላይ የፈተናቸውን ውጤት ለተገበያዩና ለአቅራቢው ይፋ ያድርጉ። የአገልግሎት ክፍያ የሚከፍል ነጋዴም ይህንን የመጠየቅ መብት አለው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው።