የማልያ ቀለም የማን ሀብት ነው?

ሱቅ የገዛ ሰው የሱቁን በር በወደደው ቀለም ቢያስቀባ የሚከሰው ጎረቤት የለም። ትናንት ሰማያዊ የነበረው መዝጊያ ዛሬ ቀይ ቢሆን ደንበኛው ለጥቂት ቀን ግር ይለው ይሆናል እንጂ፣ ስኳሩ ያው ስኳር፣ ሚዛኑም ያው ሚዛን እስከ ሆነ ድረስ መምጣቱን አይተውም። ይህ በንግድ ዓለም የታወቀ ስለ ሆነ፣ የእግር ኳስ ማኅበር በገንዘባቸው የገዙ አንዳንድ ባለጸጎችም ይኸው ደንብ ለገዙት ማኅበር የሚሠራ መስሏቸው የተጫዋቾቹን ማልያ እንደ ሱቅ መዝጊያ ለመለወጥ ተነሥተዋል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ፣ አድራጎቱ ትክክል አለመሆኑን፣ ጉድለቱም የስሜት ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ጉድለት ጭምር መሆኑን ለክቡራን ነጋዴዎች ለማመልከት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ብዬ ካላመለከትሁ በቀር፣ የአውሮፓውያን ናቸው።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚያሳየው የካርዲፍ ታሪክ ነው። ካርዲፍ የዌልስ ርእሰ ከተማ ናት። የከተማይቱ የእግር ኳስ ማኅበር በ1899 ሲቋቋም ሪቨርሳይድ ይባል ነበር፤ በ1908 ካርዲፍ ሲቲ ተባለ። ሰማያዊ ማልያ መልበስ ከጀመረ በኋላም ‹‹ሰማያዊዎቹ ወፎች›› የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ይህም ስም ‹‹ሰማያዊው ወፍ›› የተባለው የቤልጅጉ ደራሲ የሞሪስ ሜተርሊንክ ቴያትር በ1911 በዚያው ከተማ ከመታየቱ ጋር የተያያዘ ነው። በ1927 አርሴናልን 1 ለ0 አሸንፎ የእንግሊዝን የኤፍ ኤ ዋንጫ ከእንግሊዝ ምድር ያወጣው ይኸው ማኅበር ሲሆን፣ ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያደረገ ሌላ የእንግሊዝ ያልሆነ ማኅበር የለም።

በ2010 የማሌዥያው ቱጃር ሚስተር ቪንሴንት ታን ገንዘባቸውን ይዘው ገቡ። ማኅበሩ ዕዳ የተጫነው ነበርና መምጣታቸው በደስታ የሚቀበሉት ነገር ነበረ። በ2012 ግን ማልያው ቀይ እንዲሆን፣ በአርማውም ላይ ወፏ አንሳ ዘንዶው ጎልቶ እንዲታይ አሳብ ቀረበ። ወሬው አስቀድሞ በተሰማ ጊዜ ደጋፊው ስላጉረመረመ አሳቡ ተትቷል ተባለ፤ ጥቂት ሳምንት አልፎ በጁን ወር መጀመሪያ ላይ ግን ቀዩ ጸና፤ ሰማያዊው ከሜዳ ውጭ ለሚደረግ ጨዋታ ተቀያሪ ልብስ ሆነ።

የሚስተር ታንን ምክንያት አቃልሎ ማለፍ አይገባም። በእስያ ቀይ የዕድልና የብልጽግና ቀለም ነው። የእንግሊዝ ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚታየው ከእንግሊዝ ይልቅ በውጭ አገር ነው፤ በዚያ የሚሸጥ ማልያ ደግሞ ገንዘብ ያስገባል። ማንም ሸቀጡን ወደ ሩቅ ገበያ የሚልክ ሰው በዚያ ገበያ የሚወደደውን መጠቅለያ ይመርጣል። ደግሞም ቀዩ ለዌልስ ሰው ባዕድ አልነበረም፤ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ዘንዶ ቀይ ነው፣ ብሔራዊ ቡድኑም የሚለብሰው ቀይ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ያው የካርዲፍ ሰው ለአገሩ ቡድን ቀይ ለብሶ ይጮኻል፤ ቅዳሜ ግን ሰማያዊ ነው፤ ሁለቱ በልቡ ውስጥ ተጣልተው አያውቁም። እኛም ብንሆን ለብሔራዊ ቡድናችን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይዘን አብረን ወጥተን፣ በማግሥቱ ግማሻችን ጊዮርጊስ፣ ግማሻችን ቡና ሆነን የምንለያይ ሕዝብ ስለ ሆንን ይህ ሊገባን ይችላል። እንግዲህ ደጋፊው የጠላው ቀዩን ቀለም አልነበረም። የጠላው፣ አንተ ማን እንደ ሆንህ እኔ እነግርሃለሁ መባሉን ነው።

ከዚያ በኋላ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን፣ ዕዳው ይከፈል፣ ቡድኑም ይደግ እንጂ ቀለም ጎል አያገባም አለ። ሁለተኛው ወገን ሰማያዊውን ሻሽ በአንገቱ ጠምጥሞ፣ ቀይ ለለበሱት ተጫዋቾች እያጨበጨበ ተቀመጠ፤ ሌላውም ጨርሶ ከቤቱ ቀረ። በአንድ ስታዲዮም ውስጥ ሜዳው ቀይ፣ መቀመጫው ሰማያዊ ሆኖ መታየቱ ለተመልካች እንግዳ ነገር ነበር። ይህም ሁሉ ሲሆን ቡድኑ በ2013 የሁለተኛውን ደረጃ ውድድር በአንደኝነት ጨርሶ ከ51 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ውድድር ገባ። እንግዲህ ባለቤቱ የተናገሩት ሁሉ ባዶ ተስፋ አልነበረም። ዳሩ ግን በዓመቱ የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ወረደ፤ ድሉ በሄደ ጊዜ ድሉ የሸፈነው ቅሬታ ሁሉ ገሐድ ወጣ። በ2015 በጃንዩወሪ ወር መጀመሪያ ላይ ለኤፍ ኤ ዋንጫ በተደረገ አንድ ጨዋታ፣ ከ30 ሺ ሰው በላይ በሚይዘው ስታዲዮም 5 ሺ ሰው እንኳ አልተገኘም። በሳምንቱ ሚስተር ታን ሰማያዊው እንዲመለስ አዘዙ፤ እናታቸው ስለ አንድነትና ስለ ደስታ እንደ መከሯቸውም ገለጹ። በማግሥቱ ካርዲፍ በሰማያዊ ማልያ ፉልሃምን 1 ለ0 አሸነፈ። ለሚስተር ታን ይህን ክብር መንፈግ አይገባኝም፤ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን አሳብ በአደባባይ የሚመልስ ባለሀብት ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በጸሐፊነት ሥራዬ የንግድ ቤት ሽያጭ ውል ስጽፍ፣ የሚሸጠው ነገር በዝርዝር ይሰፍራል፦ መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ በመጋዘን ያለው ዕቃ፣ የኪራይ መብቱ። ነገር ግን የውሉ ዋጋ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከሚያወጡት በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ትርፉ የሚከፈለው ለመልካም ስሙ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ምንም እንኳ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ቢተካ፣ የንግድ መደብርን ሲተረጕም ከሁሉ አስቀድሞ የጠራው ይህንኑ መልካም ስም ነበር፤ ዋጋውም ነጋዴው ከእርሱ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማግኘት ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ሊኖረው በሚችለው ግንኙነት መጠን ከፍና ዝቅ እንደሚል አመልክቶ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ እግር ኳስ ሲያስቡ አልነበረም። ቢሆንም ከዚህ የተሻለ አነጋገር አላገኘሁም።

የእግር ኳስ ማኅበር ሀብቱ ምንድን ነው? ተጫዋቾቹ በውል የመጡ ናቸው፤ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳሉ። አሠልጣኙ በሦስት ሽንፈት ይባረራል። ስታዲዮሙም የራሱ ያልሆነ ማኅበር ብዙ ነው። የሚቀረው ሰው በየሳምንቱ ዝናብና ብርድ ሳይል እንዲመጣ የሚያደርገው ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በመዝገብ ሊጻፍ የማይችል ስለ ሆነ በቀለም፣ በአርማና በስም ላይ ተቀምጧል። ልጅ ገና ማንበብ ሳይችል የሚለየው ቀለሙን ነው። ባለቤቱ ቀለሙን ሲለውጥ መጠቅለያ የለወጠ ይመስለዋል፤ የጣለው ግን ዋናውን ዕቃ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነጋዴ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ልዩነት አለ። ሳሙናው የከፋበት ሰው ሌላ ሳሙና ይገዛል፤ ይህ የደንበኛ ኃይል ነው፤ ነጋዴውንም በሥርዓት የሚያኖረው ይኸው ፍርሃት ነው። የካርዲፍ ደጋፊ የተከፋ እንደ ሆነ ግን ወዴት ይሻገር? ወደ ጎረቤቱ ወደ ስዋንሲ ነውን? ይህን ለካርዲፍ ሰው ፊት ለፊት የሚናገር ቢኖር ደኅና ጫማ አድርጎ ይሂድ። ደጋፊ ሌላ ሱቅ የለውም። ስለዚህ ከደንበኛ የበለጠ ታማኝ፣ ከደንበኛም ያነሰ መከላከያ ያለው ሰው ነው፤ ሳይጠየቅ የሚደረግበትን ነገር መመለስ የሚችለው በመቅረት ብቻ ነው፤ መቅረቱም ከራሱ ይጐድልበታል እንጂ ሌላ አያተርፍለትም።

አሳቤን የሚፈትን ምሳሌ መኖሩን መደበቅ አልፈልግም። በ2005 ሬድ ቡል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ በኦስትሪያ አገር የሳልዝቡርግን ማኅበር ገዛ። በ1933 የተቋቋመው ይህ ማኅበር ሐምራዊና ነጭ ይለብስ ነበር፤ አዲሱ ባለቤት ቀይና ነጭ አደረገው፣ ስሙንም በመጠጡ ስም ተካው። ደጋፊዎቹ በለመኑ ጊዜ ከተሰጣቸው ማካካሻ አንዱ የበረኛው ካልሲ ሐምራዊ እንዲሆን ነበር፤ ይህን ያሰበው ሰው ቀልዶ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ደጋፊዎቹ በዚያው ዓመት የቀድሞውን ስምና ቀለም ይዘው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙና በ2006 ከሰባተኛው ደረጃ ጨዋታ ጀመሩ። የኩባንያው ቡድን ግን ከ2014 እስከ 2023 በተከታታይ አሥር ጊዜ የኦስትሪያ አሸናፊ ሆነ። ስለዚህ ቀለም የለወጠ ሁሉ ይከስራል ብዬ አልጽፍም። ገንዘብ የበዛለት ሰው አሮጌውን መልካም ስም ጥሎ በሌላ ገንዘብ አዲስ ሊሠራ ይችላል። ጥያቄዬ፣ እንዲህ ከሆነ ባዶ መሬት ላይ አዲስ ማኅበር ማቋቋም ሲችል የሌላውን ቤት ለምን አፈረሰ የሚል ነው።

ቀለም ከአዳም ጀምሮ የተሰጠ ነው ማለቴም አይደለም። የካርዲፍ ማኅበር ራሱ ሲጀመር የለበሰው ቡናማና ቢጫ ነበር። ዩቬንቱስ ሮዝ ይለብስ ነበርና በ1903 ከእንግሊዝ ከኖቲንግሃም ከተማ የመጣለትን ጥቁርና ነጭ ተቀብሎ እስከ ዛሬ በዚያው አለ። ሊድስ ሰማያዊና ወርቃማውን ትቶ ነጭ የለበሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሠልጣኙ በዶን ሬቪ አሳብ ነው፤ ሊቨርፑልም ቁምጣውን ጭምር ቀይ ያደረገው በ1964 ቢል ሻንክሊ በነበሩበት ዘመን ነው። እነዚህ ለውጦች ጸንተዋል። ሬቪ ደጋፊውን በድምፅ ጠይቀው ነበር አልልም፤ ነገር ግን ለውጡን ያደረጉት ለዚያው ቡድንና ለዚያው ሕዝብ ሲሉ ነበር እንጂ የሌላ አገር ገዢ ለማግኘት አልነበረም፤ ልጆቻቸው ሲሸነፉ ከደጋፊው ጋር አብረው የሚያፍሩ ሰው ነበሩ።

የስምም ነገር ከቀለም የራቀ አይደለም። የሃል ሲቲ ባለቤት የነበሩት፣ በትውልዳቸው ግብፃዊ የሆኑት ሚስተር አሴም አላም፣ ማኅበሩ ‹‹ሃል ታይገርስ›› ተብሎ እንዲጠራ ጠይቀው በ2014 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ምክር ቤት ጥያቄውን አልተቀበለውም። ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላ በብሪታንያ በ2025 የወጣው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ፣ አንድ ማኅበር አርማውን ወይም የዋና ማልያውን ቀለም ከመለወጡ በፊት በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ ደጋፊዎቹ አብዛኞቹ መስማማታቸውን እንዲያረጋግጥ ግዴታ አኑሮበታል። የንግድ ነጻነት ከሚከበርባቸው አገሮች አንዷ ይህን በሕግ ለመጻፍ መገደዷ፣ ነገሩ የጥቂት ጯኺዎች ወሬ አለመሆኑን ያስረዳል።

ይህን በንግድ ጋዜጣ ላይ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ አገር ክለቦች አብዛኛዎቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በከተማ አስተዳደር ወይም በአንድ ድርጅት በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ ይህም አኗኗር እንዳደከማቸው፣ ባለሀብት መግባት እንደሚገባው በየጊዜው ይነገራል። ይግባ፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት፣ ገና ማንም በማንም ላይ ሳይቀየም፣ ክለቦቹ በመተዳደሪያ ደንባቸው አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ መልካም ይመስለኛል፦ የክለቡ ስም፣ አርማና የዋና ማልያው ቀለም፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት መዋጮ የከፈሉ አባላት ተጠርተው ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ካልፈቀዱ በቀር አይለወጥም የሚል። የሦስት ዓመቱ ነገር የገባው፣ ለድምፅ ሲባል በአንድ ሌሊት አባል የሚመዘገብበትን መንገድ ለመዝጋት ነው።

ክለብ በገንዘብ የሚደግፉ ድርጅቶችም በውላቸው ውስጥ፣ የድርጅቱ ምልክት ከማልያው ቀለም ጋር ተስማምቶ የሚታተም መሆኑን ቢጽፉ ወጪው የቀለም ዋጋ ብቻ ነው። ውሉን የሚያረቅ የሕግ ሰው ይህን ትንሽ ነገር ሊዘነጋው ስለሚችል፣ ጸሐፊው ከመታተሙ በፊት ቢያስታውሰው ነውር የለበትም።