ደርግ ሄደ፤ መሬቱስ?

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ወረሰ። በ1983 ወደቀ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ሶሻሊዝሙ ሄዶ ቁልፉ ቢሮ ውስጥ ቀረ!

እዚህ ወላይታ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ደህና ባለይዞታ ነው። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር ይችላል ይላል። ደግ! ለመሆኑ ባንኩ ደብተሩን አምኖ ብር የሚቆጥረው በማን ዋስትና ነው? ድንበር ሲገፋ ዳኛው ያው የቀበሌ ሹም ከሆነ፣ ገበሬው የሚያተርፈው ደጅ መጥናት ነው።

«መሬት የግል ይሁን እንጂ ያልፍልናል» የምትሉኝ ወዳጆቼም አልባኒያን እዩ። በ1991 እ.ኤ.አ. የኅብረት እርሻውን ለገበሬዎቿ በባለቤትነት አደለች፤ መዝገቡ ተዝረክርኮ ክርክሩ ፍርድ ቤቶቿን ለዓመታት አጨናነቀ።

ሶዶ ከ2015 ወዲህ የክልል መቀመጫ ሆና ቢሮ በቢሮ ሆናለች። ከዚያ ሁሉ ወንበር በሹሙ ላይ ደፍሮ ለገበሬው የሚፈርድ ዳኛ የሚቀመጥበት የትኛው ነው?